ሁለተኛው መስኮት

ሰኞ፣ የካቲት 19 ቀን 1982

የዛሬው የመጀመሪያ በሽተኛ ስሙ ኢዶሳ። አንድ ኢዶሳ ብቻ ቢኖረን ምን ገዶኝ... በካርድ ክፍላችን ሰባ ኢዶሳ አለ። የካርድ ቁጥርህ ስንት ነው? ወረቀቷን ጥጃ በላችብኝ አለ። ጥጃዋንም ይዞ ቢመጣ ኖሮ መረጃ ነበረች።

የክፍል ባልደረባዬ እንቁ ከወንበሯ እንኳን አልተነሳችም። በኦሮምኛ ጀመረችው። የማን ልጅ ነህ? ከየት? ከሰንቀሌ? አባትህ ያ በቅሎ ጥላው ክንዱ የተሰበረው አይደለም? ሰውዬው በሽታውን ረስቶ ሳቀ። "ወሴ፣ ኢዶሳ ዋቅጅራ ነው፣ በ77 ወባ ይዞት የመጣው" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእኔ ነው። ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከታች ሁለተኛው ረድፍ። ዓይኔን ጨፍኜም አወጣዋለሁ።

በትግላችን ጤና ጣቢያ አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ሠርተናል። እሷ ሰው ታውቃለች፣ እኔ መደርደሪያ አውቃለሁ። ከደብረ ብርሃን ወደ አምቦ ተመድቤ ስመጣ አንድ ቃል ኦሮምኛ አልነበረኝም። አሁንም ያለኝ ሽንኩርት ለመከራከር ይበቃል፣ በሽተኛ ለማጽናናት አይበቃም። እንቁ ደግሞ የፊደል ተራ አይገባትም፤ "ሸ" ከ"ረ" በፊት ነው በኋላ እያለች በቀን አሥር ጊዜ ትጠይቀኛለች። ሁለታችን ተደምረን አንድ ጥሩ ሠራተኛ ይወጣናል።

ከሥራ በኋላ የውይይት መድረክ። ኃላፊያችን ጓድ ደግፌ ስለ ግል ንግድ አስተማሩ። "ውድድር ሰውን ከሰው የሚያባላ የካፒታሊዝም በሽታ ነው" አሉ፣ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ መትተው። ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነኝ። ዘበኛችን ኦቦ ሌታ እንደ ልማዳቸው አንቀላፉ። "ጓድ ሌታ በጥሞና ተከታትለዋል" ብዬ ጻፍኩ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 27

ትናንት በሬዲዮ ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀ። የግል ንግድ ተፈቀደ፣ እንዲያውም ተመሰገነ።

ጠዋት ጓድ ደግፌ ሰላምታ ሳይሰጡ ገቡ። በአራት ሰዓት ጠሩኝ። "ጓዲት ወሰንየለሽ፣ ያለፈው ሰኞ ቃለ ጉባኤ የት ነው ያለው?" ፋይል ላይ ነው። "እስቲ አምጪው... አንዳንድ የቃላት ማስተካከያ አለ።" ሰጠኋቸው። እስከ ማታ አልተመለሰም። ቃላቱ ብዙ ናቸው መሰለኝ።

ኦቦ ሌታ በር ላይ ያዙኝ። "ቅይጥ ማለት ምንድነው፣ ልጄ?" የመንግሥትም የግልም አንድ ላይ ማለት ነው አልኳቸው። "ሠርገኛ በይኛ!" አሉ። ጤፍ ነጭና ቀይ ሲቀላቀል ሠርገኛ ነው፤ እንጀራው ደግሞ ያው እንጀራ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ከሰማሁት ማብራሪያ ሁሉ ይሄ ይሻላል።

ሰኞ፣ መጋቢት 17

ውይይት። ጓድ ደግፌ የካኪ ልብሳቸውን ትተው በኮትና ከረባት መጡ። ከረባቱን ማን እንዳሰረላቸው አላውቅም፣ ሊያንቃቸው ደርሶ ነበር። "ውድድር የዕድገት ሞተር ነው" አሉ። ያው ጠረጴዛ፣ ያው ሁለት ምት።

ለአፍ ዳገት የለውም።

"ከእንግዲህ አቶ ደግፌ በሉኝ" ብለውናል። ኦቦ ሌታ ግን ምላሳቸው አልታዘዘም፤ ሲወጡ "ደህና ያምሹ ጓድ አቶ" አሏቸው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 11

ከበላይ መመሪያ መጣ። አገልግሎት ሰጪዎች ራሳቸውን ይቻሉ፣ ብቃት ይጨምሩ፣ ትርፍ የሰው ኃይል ይለዩ ይላል። እንዴት እንደሚደረግ አይልም። ታዲያ እኛ ምን እናደርጋለን? የምናውቀውን። ኮሚቴ አቋቋምን። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ (እኔ ነኝ፣ ሌላ ማን ይሆናል)፣ የቅስቀሳ ኃላፊ፣ መፈክር ሳይቀር። "ደንበኛ ንጉሥ ነው" የሚል ግድግዳው ላይ ይጻፍ ተባለ። የድሮው መፈክር በኖራ ተለቀለቀ፣ ግን ቀዩ ቀለም ከሥር ይታያል። ንጉሡና አብዮቱ ተደራርበው ቆመዋል።

ትልቁ ችግር... ውድድር ይኑር ተባለ፣ ከማን ጋር? ሌላው ጤና ጣቢያ ጉደር ነው። ታሞ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ማን ያወዳድረናል? አቶ ደግፌ ትንሽ አሰቡና ፊታቸው በራ። "ተወዳዳሪ ከሌለ እንፈጥራለን!"

ካርድ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። ሌላ መስኮት ይበሳል። አንደኛ መስኮት እኔ፣ ሁለተኛ መስኮት እንቁ። መደርደሪያዎቹም እኩል ይካፈላሉ። ብዙ በሽተኛ ያስተናገደ ያሸንፋል።

"ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል" አሉ አቶ ደግፌ። ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈርኩት። እንቁ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ሳቃችንን እንዴት እንደቻልነው እግዜር ያውቃል።

ዓርብ፣ ግንቦት 10

ውድድሩ ሰኞ ተጀመረ። መሐላችን የጣውላ ግድግዳ ቆመ። የሠራው የእንቁ ባል ባይሳ ነው፣ ጭልሞ ደን ሥራ ላይ ያለው፤ ጣውላውንም ይዞ የመጣው እሱ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተወ። "ጣውላው አንሷል እንዴ?" ብለው አቶ ደግፌ ሲቆጡት "እንጨት ሲደርቅ ይገጥማል ጌታዬ" አላቸው። እንጨት ሲደርቅ ክፍተቱ እንደሚሰፋ እሳቸው የት ያውቃሉ።

ሥራው ምን ይመስላል? በሽተኛው መስኮት መምረጥ መብቱ ነው። ግን የእሱ ካርድ በግራ መደርደሪያ ከሆነ እኔ ዘንድ፣ በቀኝ ከሆነ እንቁ ዘንድ ነው። እርስ በርስ መጠያየቅ ክልክል፤ "የተወዳዳሪ ምስጢር" ይባላል። ስለዚህ ካርዱን ኦቦ ሌታ ናቸው በውጭ ዞረው የሚያመላልሱት። ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው። ሰኞ ዕለት አርባ ጊዜ ዞሩ። ማክሰኞ ወገባቸውን ይዘው ራሳቸው ተሰለፉ፣ በሽተኛ ሆነው።

ከረቡዕ ጀምሮ በክፍተቷ ነው የምንቀባበለው። "ኢዶሳ፣ የሰንቀሌው" ትለኛለች በሹክሹክታ፣ እኔ ካርዱን አሾልካለሁ። እኔ ደግሞ "ይሄ ሰውዬ ምን እያለ ነው?" እላታለሁ። ያው እንደ ድሮው ነን፣ ትንሽ ሌብነት ጨመርንበት እንጂ።

በየቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እያንዳንዳችን ቁጥራችንን ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን። የድሮው የኮከብ ሠራተኛ ሰሌዳ ነው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 20

በመጀመሪያው ሳምንት እንቁ በስልሳ ሰው በለጠችኝ። ሊደንቀኝ አይገባም። ሰው አባቱን የሚያውቅለት ሰው እያለ ወደ እኔ ለምን ይመጣል? ግን ሰሌዳውን ሳይ ከፋኝ። ለምን ከፋኝ? ቀልድ አልነበረም እንዴ?

እንቁ ፊቴን አየች። ምሳ ስንበላ "ወሴ፣ እኩል እንውጣ" አለች። እንዴት? "የቀደመችው መስኮቷን ትዘጋና ሌላዋን ትጠብቃለች። አንዷ ከወንበሯ ከተነሳች ሌላዋም ትዘጋለች። በቃ።" እጅ ለእጅ ተመታታን።

ከዚያ ወዲህ አምስት ሳምንት ሙሉ እኩል ነን። ሰባ አንድ ለሰባ አንድ። ስድሳ ስምንት ለስድሳ ስምንት። አቶ ደግፌ መጀመሪያ "የጦፈ ፉክክር!" ብለው ለበላይ ጻፉ። አሁን ግን ሰሌዳው ሥር ቆመው አገጫቸውን ያሻሉ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 12

ከአዲስ አበባ ኤክስፐርት መጣ። አቶ ገብረአማኑኤል ይባላል። የእጅ ካልኩሌተር አለው፣ በፀሐይ የሚሠራ። ሐምሌ ላይ የአምቦን ፀሐይ ከየት ያግኝ... ደመና በመጣ ቁጥር በረንዳ ላይ ወጥቶ ሰማይ ያያል።

ሦስት ቀን ተቀመጠ። ትሑት ሰው ነው፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ዛሬ ሰበሰበን።

"ሁለት መስኮቶች እኩል ሥራ ከሠሩ ምን ማለት ነው?" ብሎ ጠየቀ።

"ሁለቱም ጎበዝ ናቸው ማለት ነው" አሉ ኦቦ ሌታ።

"አንዱ ትርፍ ነው ማለት ነው" አለ።

ቀጠለ። ቆጠራው ከነገ እንደ አዲስ ይጀመርና ውድድሩ እስከ ጳጉሜን 5 ይቆያል። በጠቅላላው ቁጥር ያነሰችው ሠራተኛ ተቀናሽ ትሆናለች። እኩል ቢሆኑስ ብላ እንቁ ጠየቀች። "ያኔ አሠራሩ በሙሉ ይጠናል። ምናልባት ሁለቱም።" ሌላም ለውጥ አለ፤ ከቀበሌ የነጻ ሕክምና ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ ድኃ ከእንግዲህ አይቆጠርም። ከፍሎ የሚታከም ብቻ።

"ምንም የግል ጥላቻ የለበትም" አለን ሲሰናበተን። አመንኩት። የከፋው እሱ ነው።

ዓርብ፣ ሐምሌ 13

ምሳችንን በላን። ከዚያ እንቁ "እንዳለ ይቀጥል" አለች። "እኩል እንሁን። ከቀነሱም ሁለታችንን ይቀንሱ፣ ይምረጡም እነሱ ይምረጡ። እኛ እጃችንን አናስገባም።"

እሺ አልኩ። ከልቤ ነበር። ዛሬ ይህን ስጽፍም ከልቤ ነው።

ግን እኔን ማን አለኝ? ወንድሜ ሲሞት የተወብኝ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ አንዷ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት። እንቁ ሦስት ልጅ አላት... ባል ግን አላት። ባይሳ የወር ደሞዝ አለው። ለምንድነው ይህን የምጽፈው?

ሐሙስ፣ ነሐሴ 24

የነጻ ደብዳቤ የያዙትን ማንም አይፈልጋቸውም። ላብራቶሪውም "ቀጥሎ" ይላቸዋል፣ መድኃኒት ክፍሉም። እኔም... "ወደዚያኛው መስኮት" እላለሁ። እንቁ አትመልሳቸውም። አንድም ሰው አልመለሰችም። አዴ ኡርጌ የሚባሉ አሮጊት አሉ፣ ደረታቸው የሚያፍናቸው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣሉ። እንቁ ካርዳቸውን አውጥታ፣ ተነስታ፣ ዶክተሩ በር ድረስ ይዛቸው ትሄዳለች። የማይቆጠር ሥራ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እኔ በስምምነታችን መሠረት መስኮቴን ዘግቼ ግድግዳ አያለሁ።

ዛሬ ግን ትዕግሥት አጣሁ። "እንቁ፣ እኔም ሰልፍ አለብኝ እኮ" አልኩ በክፍተቷ። "ማሎ ወሴ፣ እባክሽ፣ ትንፋሽ አጥሯቸዋል" አለች። አፈርኩ። ደግሞ ተናደድኩ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ንዴቱ ያሸንፋል።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 5

እንደሆነው ልጻፈው። እዚህም ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ?

እስከ ትናንትናው ድረስ በጠቅላላው ፍጹም እኩል ነበርን። ዛሬም እስከ አሥር ሰዓት ተኩል እኩል፤ ስድሳ ሁለት፣ ስድሳ ሁለት። እንቁ በክፍተቷ "አለቀ እኮ!" ብላ ሳቀች። ለአዲስ ዓመት ቤቷ ጠራችኝ፣ ልጆቹን ይዤ እንድመጣ።

ከዚያ ውጭ ጩኸት ተሰማ። አዴ ኡርጌ ሰልፍ ላይ ወደቁ። የእንቁ ወንበር ወደ ኋላ ሲወድቅ ሰማሁ። "ወሴ፣ ተነሳሁ!" አለች፣ ወጣች። ከኦቦ ሌታ ጋር አሮጊቷን ተሸክመው ወደ ዶክተሩ ሲሮጡ በመስኮቴ አየኋቸው።

እጄ የመስኮቱ መዝጊያ ላይ ነበር። ከፊት ለፊቴ አራት ሰው ነበር። ሁሉም ከፋይ። የመጀመሪያው ወባ ያንቀጠቅጠዋል፣ ጋቢውን ጭንቅላቱ ላይ ጥሎ። "እትዬ፣ አትዝጊብን" አለኝ።

አልዘጋሁም።

ካርዱን አወጣሁለት። ከዚያ የሁለተኛውን። ከዚያ የሦስተኛዋን። አራተኛውን ሳስተናግድ ሰዓቱን አየሁ... አሥራ አንድ ተኩል ሊሆን ሁለት ደቂቃ። ወጥቼ ሰሌዳው ላይ ስድሳ ስድስት ብዬ ጻፍኩ።

የታመመ ሰው ማስተናገድ ኃጢአት ነው? ለዚህ አይደል ደሞዝ የሚከፈለኝ? አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት። በሽተኛ ቆሞ መስኮት የሚዘጋ ነው ጥፋተኛ። ይህን ሁሉ ለራሴ ነግሬዋለሁ። ማታም ልደግምለት ነው።

አዴ ኡርጌ ተርፈዋል። ኦክስጅን ተደርጎላቸው ተነፈሱ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 1 ቀን 1983

አዲስ ዓመት። እንቁ ቤት አልሄድኩም። ልጆቹ ለምን አልሄድንም አሉኝ፤ ራሴን አመመኝ አልኩ።

ረቡዕ፣ መስከረም 9

ደብዳቤው መጣ። እንቁ ተቀናሽ። የእኔም ደብዳቤ አብሮ መጣ፤ "ምርጥ አገልግሎት ሰጪ" ይላል፣ ማኅተም አለው። ሁለቱም የተጻፉት በአንድ ቀን፣ በአንድ የጽሕፈት መኪና ነው፤ "ተ"ዋ በሁለቱም ላይ ተሰብራለች።

እንቁ ዕቃዋን ስትሰበስብ ገባሁ። አንድ ሹራብ፣ አንድ ነጠላ ጫማ፣ የልጆቿ ፎቶ። እንድትሰድበኝ ፈልጌ ነበር። ብትሰድበኝ መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

"ስንት ነበሩ?" አለችኝ።

"አራት።"

"አሟቸው ነበር?"

"አንዱ ወባ ነበረበት... ያንቀጠቅጠዋል።"

"እንግዲያ ጥሩ አደረግሽ" አለች። ሹራቧን አጥፋ አስቀመጠች። ዕቃዋን ይዛ ወጣች፤ ያዘጋጀሁት መልስ ሁሉ ለዚህ የሚሆን አልነበረም።

አቶ ደግፌ ዘንድ ሄጄ አራቱን አትቁጠሩልኝ ማለት እችል ነበር። ስምንት ቀን ሙሉ ጊዜ ነበረኝ። አልሄድኩም። ይህንንም ልጻፈው።

ሰኞ፣ መስከረም 21

ሁለተኛው መስኮት በጣውላ ተመታ። መሐሉ ያለው ግድግዳ ግን አልፈረሰም፤ ለማፍረስ በጀት የለም። ስለዚህ አንድ እግሬ እዚህ አንድ እግሬ እዚያ ነው። ካርድ ለማውጣት እኔው በውጭ እዞራለሁ። ኦቦ ሌታ ሲያዩኝ ያፏጫሉ።

ዛሬ አንዲት እንቁ ዓብዲሳ የምትባል በሽተኛ መጣች። አሥራ አንድ እንቁ ዓብዲሳ አለን። የማን ልጅ ነሽ አልኳት በዚያ የሽንኩርት ኦሮምኛዬ። የዓብዲሳ አለችኝ። እውነቷን ነው።

ካርዷን አጣሁት። አዲስ ካርድ አወጣሁላት፤ እንግዲህ አሥራ ሁለት ሆኑ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13

ሰልፉ በር አልፎ አስፋልት ደርሷል። ሰው ሦስት ሰዓት ይቆማል፣ ይሰድበኛል፤ በኦሮምኛ ስለሆነ ግማሹ አይገባኝም፣ እሱ ብቻ ነው የተረፈኝ። አቶ ደግፌ ደግሞ በሪፖርታቸው "የሕዝቡ ፍላጎት በእጅጉ ጨምሯል፣ ሰልፉ ምስክር ነው" ብለው ጻፉ። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ገልብጬ ላክሁ።

ባይሳም ከጭልሞ ሥራው እንደተቀነሰ ኦቦ ሌታ ነገሩኝ። "ባል አላት" ያልኩት ትዝ አለኝ። እሳቸው ፊት ማልቀስ አልፈለግሁም፣ ካርድ ልፈልግ ብዬ ገባሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

እንቁ መጥታለች።

ከአጥሩ ውጭ፣ ከበሩ ጎን፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ጉልበቷ ላይ ሰሌዳ፣ እጇ ላይ እስክሪብቶ። በሽተኛው መጀመሪያ እሷ ዘንድ ይሄዳል። ታዋራዋለች። ከዚያ በብጣሽ ወረቀት ላይ ትጽፋለች፤ ስም ከነአያቱ፣ አገሩ፣ መጀመሪያ የመጣበት ዓመትና በሽታ። አንድ ስሙኒ። ወረቀቷን ይዞ የመጣን ሰው ካርድ በግማሽ ደቂቃ አገኝለታለሁ። ያለ ወረቀቷ የመጣውን... ጨርሶ አላገኝለትም።

ያው ሁለታችን ነን። ያው ሥራ ነው። አጥር መሐላችን ገባ፣ በሽተኛው ደግሞ ስሙኒ ጨመረ። አዴ ኡርጌ አጠገቧ ተቀምጠው ወረቀት ይቆርጡላታል። የነጻ ደብዳቤ የያዘ ከመጣ እንቁ አታስከፍልም አሉ።

አቶ ደግፌ በመስኮታቸው አዩዋት። ያባርሯታል ብዬ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ጠርተውኝ አስጻፉኝ፤ "የግሉ ዘርፍ ከጤና ጣቢያችን ጋር ተቀናጅቶ መሥራት ጀምሯል።" ሁለት ጊዜ ጠረጴዛ መቱ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 25

በቀን መቶ ጊዜ የእሷን ጽሑፍ አነባለሁ። "ሸ"ን አሁንም አንገቷን አጥማ ነው የምትጽፋት። ለእኔ የተጻፈ አንድ ቃል እፈልጋለሁ። አንድ "ወሴ" የምትል። የለም። ስም፣ አገር፣ ዓመት፣ በሽታ።

ናፍቃኛለች። ይሄንን ለማንም አልተናገርኩም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 11

ዛሬ ልሂድ አልኩ። ይቅርታ ልላት፣ ሌላ ምንም። ምክንያት አላበዛም፣ ወባ አልጠራም።

በስድስት ሰዓት ተኩል መስኮቱን ዘጋሁና በበሩ ወጣሁ። ከፊቷ ስምንት ሰው ቆሟል። ወደ እሷ ጠጋ ብዬ "እንቁዬ" አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ። ከስታለች። ቁጣ የለባትም፣ ደስታም የለባትም፤ ለማንም በሽተኛ የምታሳየው ፊት ነው።

"ተራ ያዢ እህቴ" አለች።

ያዝኩ። ዘጠነኛ ነበርኩ። ሰዎቹ አወቁኝ፣ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ ሽማግሌ ሊያስቀድሙኝ ፈለጉ። አይ፣ ተራዬን ልጠብቅ አልኩ። እሷ ስትሠራ ቆሜ አየኋት። የማን ልጅ፣ ከየት፣ መቼ... ሰው ሁሉ ከእሷ ዘንድ ትንሽ ቀለል ብሎት ነው የሚነሳው። ከጣውላው ወዲያ ሆኜ ይህን አላየሁትም ነበር።

አምስተኛ ሆንኩ። አራተኛ። ምን እንደምል በልቤ ደጋገምኩ። ሦስተኛ።

ልጅ ያዘለች ሴት ከግቢው ተመልሳ መጣች፣ የእንቁ ወረቀት በእጇ። "ካርድ ክፍሉ ተዘግቷል፣ ሰው የለም" አለች፣ ሊያለቅስ በደረሰ ድምፅ። ልጁ ትኩሳት አለበት፣ ከዚህ ሆኜ ሲያቃስት ይሰማኛል።

እንቁ ከጽሑፏ ቀና አላለችም።

"አይዞሽ፣ ሄደሽ ጠብቂ" አለቻት። "እዚያ ያለችው መስኮቷን አትዘጋም።"

ሴትየዋ አመነቻትና ተመለሰች። ከሰልፉ ወጣሁ። ከኋላዋ ገብቼ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ወረቀቷን ተቀበልኩ። ካርዱን ወዲያው አገኘሁት።